ዲቪዲ፣ ፍላሽ፣ ሃርድ ዲስክ ወይስ ኤስኤስዲ? የኔ ጥቆማ

ፎቶና ቪዲዮ የት ይቀመጥ፣ ዲቪዲ ላይ በርን ላድርገው (ልጻፈው) ወይስ ሌላ ልግዛ ለምትሉ፦ ዲቪዲውን ተዉት። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

አንድ ሲዲ 700 ሜጋባይት ይይዛል፣ ዲቪዲ 4.7 ጊጋ፣ ብሉሬይ በአንድ ንጣፍ 25 ጊጋ። በጊዜው ጉድ ያሰኘ ነበር። አሁን ግን አንድ ቴራ ፋይል በዲቪዲ ላስቀምጥ ብትሉ ከ200 በላይ ዲስክ ያስፈልጋችኋል። ማን ቁጭ ብሎ ያን ሁሉ በርን ያደርጋል? ላፕቶፖችም ማጫወቻውን ከተዉት ቆዩ፣ ሶኒም በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ባዶ ብሉሬይ ማምረት አቁሟል።

ደግሞ ዲስክ አይበላሽም የሚባለውን አትመኑ። እኔ አምኜ ጉድ ሆኛለሁ። የቤተሰብ ፎቶ በርን አድርጌ፣ በማርከር ጽፌ፣ በሥርዓት ደርድሬ አስቀመጥኩ። ከዓመታት በኋላ ሳወጣቸው ጭረት እንኳ የላቸውም፣ ግማሾቹ ግን አልከፈት አሉ። ለካ ቤት ውስጥ የሚጻፍበት ዲስክ ዳታውን የሚይዘው በቀለም ንጣፍ ላይ ነው፣ ቀለሙ ደግሞ በብርሃን፣ በሙቀትና በእርጥበት እየደከመ ይሄዳል። ፋብሪካ ውስጥ የታተመው የዘፈን ሲዲ የተለየ ነው፣ እሱ ቀለም ሳይሆን በፕላስቲኩ ላይ የተቀረጸ ጉድጓድ ስለሆነ ብዙ ይቆያል።

ታዲያ ምን ይገዛ?

ፍላሽ ለማመላለሻ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም። ይጠፋል፣ ኪስ ውስጥ ይታጠባል፣ ሳይሰካ ለዓመታት ከተቀመጠ ደግሞ በውስጡ የያዘው ቻርጅ ቀስ በቀስ እየሾለከ ዳታው ሊበላሽ ይችላል። ከሁሉ የሚያናድደው ግን ፌኩ ነው፦ ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩት 1 ቴራ ይላል፣ የእውነት ያለው 32 ጊጋ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ ያለፈው ፋይል የተገለበጠ ይመስላል እንጂ የለም። ስትገዙ ኤች2ቴስትደብልዩ (H2testw) በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ ጥግ ሞልታችሁ ፈትሹት። ሊነክስ ላይ ኤፍ3 የሚባለው አለ።

ብዙ ፋይል ላለው ሰው ምርጫዬ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። በጊጋ ሲሰላ ከኤስኤስዲ (እንደ ፍላሽ በቺፕ ላይ ከሚያስቀምጠው) ይረክሳል። ድክመቱ መውደቅ ነው፣ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ስላለ በተለይ እየሠራ ከጠረጴዛ ከወደቀ አለቀለት። በየቀኑ ይዛችሁ የምትዞሩ ከሆነ ግን ትንሽ ጨምሩና ኤስኤስዲ ግዙ። የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፣ ፍጥነቱም ለብቻው ነው፦ ፈጣኑ ዲቪዲ በሰከንድ 22 ሜጋባይት አካባቢ ሲያነብ፣ ተራው ኤስኤስዲ 500 ያልፋል።

ክላውድ (በኢንተርኔት በኩል ሌላ ቦታ ማስቀመጥ) ጥሩ ሁለተኛ ቅጂ ነው። ጉግል 15 ጊጋ በነፃ ይሰጣል፣ ግን ኢሜይላችሁም ፎቶአችሁም ከዚያው ላይ ነው የሚቆረጠው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከስልካችሁ ጋር ሲንክ የሚያደርግ ከሆነ፣ እዚህ ያጠፋችሁት እዚያም ይጠፋል።

ዲስክ ምንም አይጠቅምም ማለቴ ግን አይደለም። አንዴ ብቻ የሚጻፍበት ዲስክ ላይ ያለን ፋይል ቫይረስም ሆነ ገንዘብ ካልከፈላችሁ ብሎ ፋይል የሚቆልፍ ፕሮግራም ሊነካው አይችልም፣ ይሄ ሃርድ ዲስክ የሌለው ጥቅም ነው። ለጥቂት ወሳኝ ሰነዶች ኤም-ዲስክ የሚባለውን እመክራለሁ፣ የሚጻፍበት ንጣፍ ከተለመደው ቀለም የተሠራ አይደለም። አምራቹ 1,000 ዓመት ይቆያል ይላል፣ እሱን እንኳ ማን ኖሮ ያረጋግጣል!

የድሮ ዲስክ ያላችሁ ዛሬ ነገ ሳትሉ ገልብጡት። በዩኤስቢ የሚሰካ ማጫወቻ ይበቃል። አልነበብ ካለ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፣ ዙሪያውን አታሹት። እምቢ ካለም ሌላ ማጫወቻ ላይ ሞክሩ፣ አንዱ ያቃተውን ሌላው ሲያነበው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሲዲ ከሆነ ደግሞ ጽሑፍ ያለበትን ጎን ተጠንቀቁ፣ ዳታው ያለው ከሥሩ ነውና እዚያ በኩል የተላጠ አይመለስም።