ከተማሪ ቪዛ ወደ ቶኩቴ ጊኖ፦ አይቺ ፋብሪካ ከመግባቴ በፊት ምን ልወቅ?

አዲስ_ገቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ቶኪዮ የምማርበት የቋንቋ ትምህርት ቤት በማርች መጨረሻ ያልቃል። ኤን 3 (የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና መካከለኛ ደረጃ) አለኝ፤ የምግብ ማምረቻ ዘርፉን የቶኩቴ ጊኖ (በተወሰኑ ዘርፎች ሙያ ላላቸው የውጭ ሠራተኞች የሚሰጥ የሥራ ቪዛ) ፈተናም አልፌያለሁ። አይቺ (ናጎያ ያለችበት ክፍለ ሀገር) ያለ አንድ የቤንቶ (የታሸገ ምሳ) ፋብሪካ ውል ሰጥቶኛል፦ መነሻ ደመወዝ 210,000 የን፣ ለዶርም 25,000 ይቆረጣል፣ የሌሊት ፈረቃም አለው።

እጄ ላይ ስንት ይደርሳል? ትምህርት ቤቱ ካለቀ በኋላ ቪዛው እስኪቀየር ኮንቢኒ (የሰፈር ሱቅ) መሥራት እችላለሁ? ፋብሪካው ውስጥ ስልጠናው ምን ይመስላል? በእረፍት ቀኔ ደግሞ ኪዮቶንና ሌላውን ማየት እፈልጋለሁ፤ ቱሪስቶቹ የሚይዙት የባቡር ፓስ ለእኛ ይሸጣል? ለእናቴ በየወሩ 30,000 የን ለመላክ አስቤያለሁ፤ ገንዘብ መላክ ግብር ይቀንሳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

ቆጣቢው

እንኳን ደስ ያለሽ። ከ210,000 ላይ ጤና መድኅን ወደ 11,000፣ ጡረታ 20,130፣ የሥራ አጥ መድኅን ከ1,000 ትንሽ ከፍ ያለ፣ የገቢ ግብር ከ2,000 እስከ 4,000 ይወጣል። 174,000 አካባቢ ይቀራል፤ ዶርሙ ሲነሳለት 149,000። መብራትና ጋዝ በ25,000ው ውስጥ መግባት አለመግባቱን ከመፈረምሽ በፊት አስጽፊ፤ ክርክር የሚነሳው ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ጡረታው የሚሰላው በእርከን ነው። 210,000 ሞልቶ 230,000 ያልደረሰ ሁሉ 220,000 ተብሎ ይያዛል፤ የዚያ 18.3 በመቶ ለሁለት ተካፍሎ ግማሹን ኩባንያው ይከፍላል። ኦቨርታይምና የትራንስፖርት አበልም እርከኑ ውስጥ ይቆጠራሉ። በኤፕሪል፣ በሜይና በጁን የሚከፈልሽ አማካይ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ለአንድ ዓመት የሚቆየውን እርከን ስለሚወስን፣ በእነዚያ ወራት ኦቨርታይም ከበዛ ተቀናሹም ከፍ ይላል።

የነዋሪነት ግብር፣ ማለትም ጁሚንዜ፣ ባለፈው ዓመት ገቢ ላይ ተሰልቶ ከጁን ጀምሮ የሚከፈል ነው። ሙሉ ዓመት በዚህ ደመወዝ ከሠራሽ በኋላ በወር ከ7,000 የን በላይ ይቆረጣል፤ ደመወዜን ቀነሱብኝ ብሎ ቢሮ የሚሄደው ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ያላወቀ ነው። አንቺ ግን ከዚያም በፊት ወረቀት ሊመጣብሽ ይችላል። አምና በተማሪነትሽ በሳምንት 28 ሰዓት ሙሉ ሠርተሽ ከሆነ፣ ጃንዋሪ 1 ላይ የተመዘገብሽበት የቶኪዮ ኩ (ወረዳ) በዚህ ጁን ሂሳቡን አይቺ ድረስ ይልክልሻል። እንዳትጥዪው።

የሌሊቱ ፈረቃ ከ10 ሰዓት ማታ እስከ 5 ሰዓት ንጋት ባለው (በእነሱ አቆጣጠር) 25 በመቶ ጭማሪ አለው፤ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ሲሆን ሌላ 25 ይደረባል። ደመወዝሽን በወሩ የውል ሰዓት አካፍዪና የሰዓት ዋጋሽን እወቂ፤ ያለዚያ የደመወዙን ወረቀት ማረም አትችዪም። ለጃፓናዊው የሥራ ባልደረባሽ ከሚከፈለው ማነስም የለበትም፤ የቶኩቴ ጊኖ ደንብ ነው።

ኪታ_ኩ

ኮንቢኒውን እርሺው። በሳምንት የ28 ሰዓቱ የተማሪ ሥራ ፈቃድ የሚሠራው ተማሪ ሆነሽ ተመዝግበሽ እስካለሽ ድረስ ብቻ ነው። የመኖሪያ ካርድሽ ላይ ሦስት ወር ቢቀርም፣ ትምህርት ቤቱ ባለቀ ማግስት መሥራት ሕገወጥ ነው። ስለዚህ የቪዛ ለውጥ ማመልከቻው ቢቻል ከጃንዋሪ ሳያልፍ ይግባ፤ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል። የካርዱ ቀን ከማለፉ በፊት ከገባ፣ ካለፈ በኋላም ውሳኔው እስኪመጣ ቢበዛ ሁለት ወር በሕጋዊነት መቆየት ትችያለሽ፤ መሥራት ግን አይደለም። የዚያን ጊዜ መኖሪያና ምግብ ከአሁኑ አስቀምጪ።

የግብር፣ የኮኩሆ (የማዘጋጃ ቤቱ ጤና መድኅን) እና የጡረታ ማስረጃ ይጠየቃል። ብዙ የተማሪ ማመልከቻ የሚጓተተው ባልተከፈለ ኮኩሆ ነው። ውዝፍ ካለ ኩያኩሾ (የወረዳው ጽሕፈት ቤት) ሄደሽ በክፍያ ተከፋፍሎ እንዲያልቅ ተነጋገሪና ከፍለሽ ደረሰኙን ያዢ።

ስትዛወሪ ከቶኪዮው ኩያኩሾ የመልቀቂያ ወረቀት ታወጫለሽ፤ አይቺ በገባሽ በ14 ቀን ውስጥ ደግሞ እዚያ ትመዘገቢያለሽ፣ አዲሱ አድራሻ ከካርዱ ጀርባ ይጻፋል። ኩባንያው ሻካይ ሆከን (የሠራተኞች ጤና መድኅንና ጡረታ) ውስጥ ሲያስገባሽ ኮኩሆው በራሱ አይቋረጥም። ያንቺ ሥራ ነው፤ ያለዚያ ሁለት ሂሳብ ይመጣል።

ሌላው ትልቁ ነገር፦ ፓስፖርትሽ ላይ ሺቴሾ የሚባል ወረቀት ይያያዛል፣ የኩባንያው ስም የተጻፈበት። ነገ ሌላ ፋብሪካ የተሻለ ቢከፍልሽ፣ በአዲሱ ስም ኢሚግሬሽን ፈቅዶ ወረቀቱ ሳይቀየር አንድ ቀንም እዚያ እንዳትሠሪ። ደላሎች “ገብተሽ ጀምሪ፣ ወረቀቱ ይከተላል” ይላሉ። ውሸት ነው።

አምስቱ_ማ

ስለ ስልጠናው እኔ ልበል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት በአብዛኛው ንጽሕና ናቸው፦ ጥፍር፣ ጌጥና ሰዓት ይፈተሻል፤ ቱታው ላይ ሮለር ይዞራል፤ እጅ እስከ ክንድ ታጥቦ አልኮል ይረጫል። ጣትሽ ቢቆረጥ ወይም ሆድሽ ቢታወክ ሳትገቢ ተናገሪ። ወደ ሌላ ሥራ ያዞሩሻል እንጂ አይቆጡም፤ ደብቆ መግባት ግን በጣም ያስቆጣቸዋል፣ ምክንያቱም በእጅ ቁስል ላይ ያለ ጀርም በሺህ የሚቆጠር ቤንቶ ሊበክል ይችላል።

ማብሰያ ክፍል ከደረሰሽ 75 ዲግሪና አንድ ደቂቃ የሚለውን ያዢ። ይህ የምግቡ መሀል መድረስ ያለበት ሙቀት ነው፤ ኖሮቫይረስ ለሚያሰጋው እንደ ኦይስተር ላለ ምግብ ከ85 እስከ 90 ዲግሪ፣ 90 ሴኮንድ። ቴርሞሜትሩ የሚወጋው ወፍራሙ ቁራጭ ላይ ነው። ሳይለኩ ቁጥር መሙላት በዚህ ሥራ ትልቁ ጥፋት ነው። የአለርጂዎቹን ስሞች ደግሞ በካንጂ አጥኚ፦ ታማጎ (እንቁላል)፣ ኒዩ (ወተት)፣ ኮሙጊ (ስንዴ)፣ ኤቢ (ሽሪምፕ)፣ ካኒ (ሸርጣን)፣ ሶባ (ባክዊት)፣ ራክካሴ (ኦቾሎኒ)፣ ኩሩሚ (ዋልነት)። ኤን 3 ያለው ሰውም መለያው ላይ ሲያያቸው ይምታታበታል፤ አንድ የተሳሳተ መለያ ሙሉ ምርት ያስመልሳል።

ማሽን ሲበላሽ “ቶሜሩ፣ ዮቡ፣ ማትሱ” ነው፦ አቁሚ፣ ጥሪ፣ ጠብቂ። የተጣበቀ ክዳን ለማውጣት ብሎ ቀበቶው ሳይቆም እጅ መስደድ አደጋ የሚያመጣ ነገር ነው። የእኛ ልጆች ሌላ ችግር፣ ሳይገባ “ሃይ” ማለት ነው። የተባልሽውን መልሰሽ በራስሽ ቃል ድገሚላቸው፤ ይወዱታል። 5ኤስ አዲስ አይሆንብሽም፤ አገር ቤት በካይዘን ስልጠና ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ እያልን የምናውቀው ነው።

ከአንድ ዓመት በኋላ የፎርክሊፍት ኮርስ እንዲልኩሽ ጠይቂ። መንጃ ፈቃድ ለሌለው 35 ሰዓት፣ ላለው 31 ሰዓት ነው፤ አንድ ቶንና ከዚያ በላይ ለሚያነሳው ይሆናል። የመጀመሪያው ደረጃ ቶኩቴ ጊኖ አምስት ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ለማለፍና ቤተሰብ ለማምጣት ከፈተናው በተጨማሪ ሠራተኞችን የመራሽበት የሁለት ዓመት ልምድ ይጠየቃል። ስለዚህ የመስመር መሪነት ሲመጣ ሸሽተሽ እንዳታልፊ።

ቀርፋፋ_ባቡር

የጃፓን ሬይል ፓስ ለአጭር ጊዜ ጎብኚ ቪዛ ብቻ ነው፤ ዛይርዩ ካርድ (የመኖሪያ ካርድ) ላለው አይሰጥም። ብዙም አትቆጪ፤ ከኦክቶበር 2023 ወዲህ የሰባት ቀኑ 50,000 የን ገብቷል።

ለአንቺ የሚሆነው ሴይሹን 18 (“ወጣትነት 18”) የሚባለው የባቡር ትኬት ነው፤ ስሙን አትዪ፣ የዕድሜም የቪዛም ገደብ የለውም። በተከታታይ ሦስት ቀን 10,000፣ አምስት ቀን 12,050 የን፤ በተራ ባቡሮች ብቻ ያስኬዳል፣ ሺንካንሰንን (ፈጣኑን ባቡር) አይጨምርም፣ የሚሸጠውም በትምህርት ቤት እረፍት ወቅቶች ነው። ከናጎያ ኪዮቶ ተራው ባቡር 2,640 የን ነው፤ በኦጋኪና በማይባራ ቀይረሽ ከሁለት ሰዓት ትንሽ በላይ ይወስዳል። ደርሶ መልስ 5,280 ማለት ነው፤ የትኬቱ የቀን ድርሻ ደግሞ 3,333። በሦስት ቀኑ ኪዮቶ፣ ናራና ኦሳካ ከወጣሽ ያዋጣል። አንድ ቀን ብቻ ከሆነ አትግዢው፣ ተራውን ቁረጪ።

አይቺ ራሷም የሚታይ አላት። ኢኑያማ ቤተ መንግሥት እንጨቱ የጥንቱ ነው፤ በሜይቴትሱ ባቡር ከናጎያ ግማሽ ሰዓት ገደማ። የናጎያው ግንብ ግን ከ2018 ጀምሮ ውስጡ ዝግ ስለሆነ ለፎቶ ካልሆነ አትድከሚ። የቶዮታ የኢንዱስትሪና ቴክኖሎጂ መታሰቢያ ሙዚየም ከሽመና ማሽን ተነስቶ መኪና ድረስ ሲሄድ ታዪያለሽ፤ ፋብሪካ ለሚሠራ ሰው ከብዙ ቤተ መቅደስ ይበልጣል ባይ ነኝ። ታላቁ የሺንቶ መቅደስ ያለበት ኢሴ ደግሞ በኪንቴትሱ ባቡር ነው።

ፉጂን ለመውጣት ካሰብሽ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ነው፤ ከ2025 ጀምሮ 4,000 የን ይከፈላል፤ በዮሺዳ መንገድ ማደሪያ ያልያዘ ሰው ከቀኑ 2 ሰዓት በኋላ (በእነሱ) አያልፍም። አውቶቡሱ የሚያወርድሽ አምስተኛው ጣቢያ 2,305 ሜትር ላይ፣ አዲስ አበባ ከፍታ አካባቢ ነው። ግን ባሕር ጠለል ላይ ከከረምሽ ሰውነትሽ ያንን ረስቶታል፤ እዚያ አንድ ሰዓት ዕረፊ።

ቤንቶ ቤት ቅዳሜና እሁድም ስለሚሠራ እረፍትሽ በሥራ ቀን ሊውል ይችላል። ዕድለኛ ነሽ፤ ኪዮቶ ማክሰኞ ላይ ይተነፈሳል። ከስድስት ወር በኋላ የምታገኚውን የ10 ቀን ፈቃድ በጎልደን ዊክና በኦቦን (በትልልቆቹ የበዓል ሰሞኖች) አታባክኚው፣ ሁሉም ነገር ውድና ሙሉ ነው።

አዲስ_ገቢ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ቆጣቢው፣ የእናቴ ጥያቄ ቀረ። 58 ዓመቷ ነው።

ቆጣቢው

አዎ፣ ረሳሁት። ውጭ ያለ ከ30 እስከ 69 ዓመት የሆነ ጥገኛ እንዲቆጠርልሽ ለዚያ ሰው በዓመት 380,000 የን መላክ አለብሽ፤ ከ2023 ጀምሮ የወጣ ደንብ ነው። በወር 30,000 በዓመት 360,000 ይሆናል፤ 20,000 ይጎድልሻል። ለገና ጨምረሽ ከሞላሽው የገቢና የነዋሪነት ግብርሽ ተደምሮ እስከ 50,000 የን ገደማ ሊቀንስ ይችላል፤ የነዋሪነቱ ድርሻ የሚታይሽ በሚቀጥለው ጁን ነው።

ገንዘቡ ከስምሽ ወደ እናትሽ ስም በባንክ ወይም ፈቃድ ባለው ሐዋላ መሄድ አለበት። በሰው እጅ የሄደ አይቆጠርም። በወንድምሽ አካውንት ልከሽ “ለእሷ ነው” ብትዪ የሚቆጠረው ለወንድምሽ ነው። የልደት ምስክር ወረቀትሽን፣ የእናትሽ ስም ያለበትን፣ ከጃፓንኛ ትርጉም ጋር አዘጋጂ፤ ኖቬምበር አካባቢ ኩባንያው የዓመት መጨረሻ ማስተካከያ ቅጽ ሲያድል ከመላኪያ ደረሰኞቹ ጋር ታስገቢያለሽ። ቀኑ ካመለጠሽ አምስት ዓመት ድረስ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ከግብር ቢሮው መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚያ ግን ደረሰኞቹን አትጣያቸው።