ከአንድ የስፓርክ ሥራ ለየወረዳው ለየብቻ ፋይል ማውጣት

ታንኳ (ጠያቂ፣ ባሕር ዳር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን ሙሉ የያዘኝ ነገር አለ፣ እባካችሁ እርዱኝ። ጣና ላይ ያለውን እንቦጭ ከሴንቲኔል 2 የሳተላይት ምስል እየለየን፣ ውጤቱን በሐይቁ ዙሪያ ላሉ ወረዳዎች ባለሙያዎች እንልካለን። የምስሉ አንድ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ሐይቁ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚሰፋ ከአንድ ቀን ምስል ብቻ ወደ 30 ሚሊዮን መስመር ይወጣል። ስለዚህ በስፓርክ (ብዙ ዳታን ለብዙ ማሽን ከፋፍሎ የሚያሠራ ፕሮግራም ነው) አራት ማሽን ላይ ነው የምናሠራው።

የምፈልገው ለእያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ የሰንጠረዥ ፋይል) ነው፤ ወረዳዎቹ ዘጠኝ ናቸው። ስጽፍ «ፓርቲሽን ባይ» (ውጤቱን በአንድ ዓምድ እየለየ በየፎልደሩ የሚጽፈው ትእዛዝ) ብዬ የወረዳውን ዓምድ ሰጠሁት። ያወጣልኝ ግን 12 ፎልደር ሆነ፤ በየፎልደሩም እስከ 200 የሚደርስ ጥቃቅን ፋይል አለ። ወረዳ በወረዳ እያጣራሁ ዘጠኝ ጊዜ ስጽፈው ደግሞ የሚፈለገው ይወጣል፣ ግን ከጠዋት ጀምሮ እስከ ምሳ ሰዓት አላለቀም።

ጎርጎራ፦
እህቴ፣ ከፋይሎቹ ብዛት እንጀምር። ስፓርክ ሲጽፍ እያንዳንዱ ታስክ (ከሥራው ተቆርሶ ለአንድ ማሽን የሚሰጠው ክፍል) የራሱን ፋይል ይከፍታል እንጂ ከጎረቤቱ ጋር አይነጋገርም። ነጥቦቹን ከወረዳ ወሰን ጋር ስታጣምሪ ዳታው ተበትኖ 200 ቦታ ላይ ያርፋል፤ 200 የስፓርክ የራሱ መነሻ ቁጥር ነው። በ200ውም ውስጥ የፎገራ መስመር ካለ ሁሉም ለፎገራ አንዳንድ ፋይል ይጽፋሉ። (ከ3.2 ወዲህ ያሉት እትሞች ትንንሾቹን ራሳቸው ያሰባስባሉ፤ የአንቺ የቆየ መሰለኝ።)

መፍትሔው ከመጻፍሽ በፊት ዳታውን በዚያው በወረዳው ዓምድ «ሪፓርቲሽን» ማድረግ (ለታስኮቹ እንደገና ማደልደል)፣ ከዚያ እንደ በፊቱ «ፓርቲሽን ባይ» ብሎ መጻፍ ነው። የአንድ ወረዳ መስመር ሁሉ አንድ ታስክ ዘንድ ይሰበሰባል፣ አንድ ፋይል ይወጣል። ሁለት ወረዳ አንድ ታስክ ላይ ቢደርስም አትስጊ፣ ፎልደራቸው የተለያየ ነው።

ዘጠኝ ጊዜ መጻፉ የዘገየበት ምክንያት ግልጽ ነው። ስፓርክ ውጤቱን በማስታወሻ እንዲይዝ ካላዘዝሽው በእያንዳንዱ ዙር ከምስሉ ንባብ ጀምሮ እንደ አዲስ ይሠራል። ዘጠኝ ጊዜ አንብቦ ዘጠኝ ጊዜ አጣምሯል ማለት ነው።

መቅዘፊያ፦
12 የሆነበትን እኔ ልገምት። የፎልደሮቹን ስም እስቲ እዚህ ለጥፊልን።

ታንኳ፦
«ባሕር ዳር ዙሪያ»፣ «ባህር ዳር ዙሪያ»፣ «ደንቢያ»፣ «ደምቢያ»፣ ፎገራ፣ ደራ፣ ሊቦ ከምከም፣ ጎንደር ዙሪያ፣ አለፋ፣ ጣቁሳ፣ ሰሜን አቸፈር፣ እና አንድ «ሃይቭ ዲፎልት ፓርቲሽን» የሚል። ስጽፈው ነው ያየሁት!

መቅዘፊያ፦
አገኘሽው። ለእኛ ሐመሩ «ሕ» እና ሃሌታው «ህ» ሲነበቡ አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። እኔም በ«ሠ» እና በ«ሰ» ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ የአንድ ቀበሌ ሪፖርት ለሁለት ተከፍሎ ሄዷል፣ ያስተዋለው ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ ስሙን ፎልደር አታድርጊው። የወረዳውን መለያ ቁጥር የያዘ ትንሽ ሰንጠረዥ አዘጋጂና በቁጥሩ ክፈይ፤ ስሙ ፋይሉ ውስጥ ይግባ። «ሃይቭ ዲፎልት ፓርቲሽን» የሚለው ወረዳቸው ባዶ የሆነ መስመሮች የሚያርፉበት ነው። ከየትኛውም ወረዳ ወሰን ውጭ የወደቁ የሐይቁ መሐል ነጥቦች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሳታዪያቸው አትሰርዣቸው።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ የከፈልሽበት ዓምድ ከፋይሉ ውስጥ ይወጣና ፎልደሩ ስም ላይ ብቻ ይቀራል። ፋይሉ ብቻውን የሚላክ ከሆነ ዓምዱን በሌላ ስም ደግመሽ አስቀምጪ።

ዘጌ፦
እኔ ከስፓርክ በፊት በነበረው በሃዱፕ ማፕሪዱስ ዘመን የጀመርኩ ሰው ነኝ፤ ያኔ «መልቲፕል አውትፑትስ» በሚባለው ነበር የምንከፋፍለው። ከልምዴ አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ ልጄ። የፋይሉን ስም ራሴ ልስጥ ብለሽ ታስኩ ውስጥ በእጅሽ ፋይል እንዳትከፍቺ። ታስክ ሲወድቅ እንደገና ይጀመራል፤ ሲዘገይም አንዳንዴ ሌላ ማሽን ላይ መንታ ይነሣለታል። በእጅ የተከፈተ ፋይል ያኔ ይደገማል ወይም ግማሹ ብቻ ይቀራል። ስፓርክ ራሱ ሲጽፍ ግን መጀመሪያ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ያኖርና የተሳካውን ብቻ ወደ ቦታው ያዛውራል። ሁሉም ሲያልቅ «ሰክሰስ» የሚል ባዶ ፋይል ያስቀምጣል። መብራት ሄዶ ሥራው መሐል ላይ ቢቋረጥ ያንን ፋይል አታገኚውም፤ ካላየሽው ለማንም አትላኪ። ስሙን መቀየር የምትፈልጊ ከሆነ ከዚህ በኋላ በአጭር ስክሪፕት ቀይሪው፤ ፋይሎቹ ዘጠኝ ብቻ ናቸው።

ታንኳ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልክ እርስዎ እንዳሉት በእጄ ልከፍት ነበር። የሁላችሁንም ሞከርኩት፤ ዘጠኝ ፎልደር፣ ዘጠኝ ፋይል ወጣ። ባዶዎቹን ለብቻ አስቀመጥኳቸው። ሁለት ነገር ቀረኝ። የፎገራን ብቻ አርሜ «ኦቨርራይት» (የነበረውን ተካ) ብዬ ስጽፍ የስምንቱ ጠፋብኝ፣ እንደገና መሥራት ነበረብኝ። ደግሞ ሰሜን ምሥራቁ ዳር እንቦጩ ስለሚበዛ የደንቢያና የፎገራ ታስኮች ሌሎቹ ካለቁ በኋላም ይቆያሉ።

ጎርጎራ፦
ለመጀመሪያው፣ የ«ፓርቲሽን ኦቨርራይት» ሁኔታ በመነሻው «ስታቲክ» ነው፤ ዋናውን ፎልደር በሙሉ ጠርጎ ነው የሚጽፈው። «ዳይናሚክ» አድርጊው፣ አዲስ ዳታ የመጣለትን ወረዳ ብቻ ይተካል። ከ2.3 ጀምሮ አለ።

ለሁለተኛው፣ ከወረዳው ቁጥር ጋር ከ0 እስከ 3 የሚደርስ የዘፈቀደ ቁጥር ጨምረሽ በሁለቱም «ሪፓርቲሽን» ካደረግሽ ሥራው ይከፋፈላል። ለአንድ ወረዳ ፋይሉ እስከ አራት ይሆናል። ባለሙያዎቹ በኤክሴል የሚከፍቱት ከሆነ ግን ይህ ጥቅም አለው፤ አንድ የኤክሴል ገጽ ከ1,048,576 መስመር በላይ አይዝም። ለአንድ ፋይል የሚጻፈውን መስመር በአንድ ሚሊዮን የሚገድብ አማራጭም ስላለ እሱንም አብሪው።

መቅዘፊያ፦
በኤክሴል ከሆነማ አማርኛውም ይበላሽባቸዋል። ፋይሉን በድርብ ጠቅታ ሲከፍቱት ፊደሉ የማይነበብ ምልክት ሊሆን ይችላል። ኤክሴልን መጀመሪያ ከፍተው በ«ዳታ» በኩል ሲኤስቪውን ያስገቡና ዩቲኤፍ 8 የሚለውን የፊደል ኮድ ይምረጡ። ስትልኪላቸው ከፋይሉ ጋር ይህቺን ሁለት መስመር ጻፊላቸው።