ራስን መከላከል የሚያስተምር ሰው የግድ ተደባድቦ ማወቅ አለበት?

ማርታ ከካዛንቺስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለታናሽ እህቴ ራስን የመከላከል ስልጠና እየፈለግኩ ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥታ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በእግሯ ነው የምትሄደው። ሁለት አሰልጣኞች አግኝቻለሁ። አንዱ «መንገድ ላይ ያልተደባደበ ምን ያስተምራል?» ባይ ነው። ሌላው ለብዙ ዓመት ጁዶ ያስተማረ ነው፤ ከጂም ውጭ ግን ከሰው ተጣልቶ አያውቅም። የቱ ይሻላታል?

ታታሚ፦
እህቴ፣ የአሰልጣኙን ጠብ ከመቁጠርሽ በፊት ተማሪዎቹ በሳምንት ስንት ደቂቃ እምቢ ከሚላቸው ሰው ጋር እንደሚታገሉ ቁጠሪ። የመንገድ ጠብ በሰከንዶች ያልቃል። ያሸነፈው በችሎታ ይሁን፣ ቀድሞ ስለመታ ይሁን፣ ወይስ ያኛው ሰክሮ ስለነበር፣ መለየት ይከብዳል። ደግሞም 85 ኪሎ የሚመዝን ወንድ የሚያሸንፍበት ቡጢ 50 ኪሎ ለሆነች ልጅ አይሠራም።

የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ትምህርት ቤቱን ኮዶካንን ሲመሠርት አደገኛዎቹን ምቶች ለካታ (እንቅስቃሴው ሁሉ አስቀድሞ ለተወሰነ ልምምድ) ትቶ፣ ተማሪዎች ሳይጎዳዱ በሙሉ ኃይል የሚጣጣሉበትን ራንዶሪ የልምምዱ ዋና ክፍል አደረገው። የጁዶ ጥንካሬ ከዚያ ነው የመጣው።

ስለዚህ ሄደሽ አንድ ክፍለ ጊዜ ተመልከቺ። አጥቂ የሆነው ተማሪ አንድ ቡጢ ሰንዝሮ፣ እጁን እንደዘረጋ ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነ፣ አሰልጣኙ መቶ ጊዜ ቢደባደብም ለእህትሽ የሚተርፋት ነገር የለም።

ዘብ፦
እኔ በከፊል ነው የምስማማው። ከጂም ያልወጣ አሰልጣኝ ብዙ ጊዜ የጥቃቱን መጀመሪያ ይዘነጋል። ዘራፊ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ አይጀምርም። አንዱ «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ይጠጋል፣ ሌላው ከኋላ ይዞራል። ይህን ለማወቅ ግን ተደባዳቢ መሆን አያስፈልግም፤ በጥበቃ ሥራ ጠብ ሳይነሳ ማብረድ የለመደ ሰው ከተደባዳቢው ይበልጣል። የሁለት ክንድ ርቀት መጠበቅ፣ መዳፍን ከፍቶ ደረት ፊት መያዝ፣ «እዚያው ቁም!» ብሎ መጮህ፣ እነዚህ እንደ ቡጢ ሁሉ ተደጋግመው መለመድ አለባቸው፤ ድምፅ ሳይለመድ በድንጋጤ ጊዜ አይወጣም። የፈለገው ስልኳን ብቻ ከሆነ ትስጠው።

ማርታ ከካዛንቺስ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እሷን በጣም የሚያስፈራት ሃንግ፣ ማለትም ከኋላ መጥቶ አንገት በክንድ አንቆ መዝረፍ፣ ነው። ጁዶ ለዚህ ይሆናል?

ታታሚ፦
ይሆናል፣ ማነቅ ራሱ የጁዶ አካል ነውና። ክንዱ የአንገትን ሁለት ጎን በደንብ ከያዘ ሰው በ10 ሰከንድ ገደማ ራሱን ይስታል፤ ለማሰብ ጊዜ የለም። አገጯን ወዲያው ወደ ደረቷ ትቅበር፣ ትከሻዋን ታንሳ። በዚያው ቅጽበት በሁለት እጇ ክንዱን ይዛ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ በሙሉ ክብደቷ ወደ ታች ትሳበው። አየር ስታገኝ ነው መዞርና መላቀቅ የሚመጣው።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው፣ ፊቱን ለመቧጨር አንድ እጅ ወደ ኋላ ይላካል፤ ያኔ ክንዱን የሚጎትተው ጉልበት በግማሽ ይቀንስና ማነቂያው ይጠብቃል። ሁለተኛው፣ አናቂው ወደ ኋላ ሲጎትት ተረከዝ ላይ መቅረት ነው። እግሯ አብሮት ወደ ኋላ ካልተራመደ ሚዛኗ ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ የትኛውም ዘዴ አይሠራም።

ልምምዱ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ በግማሽ ጉልበት፣ በመጨረሻ ዓይን ተጨፍኖ መቼ እንደሚያዝ ሳይነገር ነው። የተያዘው ሰው «ልቀቀኝ» ለማለት በእጁ ሁለት ጊዜ መታ ሲያደርግ ወዲያው መልቀቅ የግድ ነው። ይህን የማያስከብር አሰልጣኝ ጋ አንድ ቀንም አትመለስ።

ጠበቃው፦
አንድ ነገር ልጨምር። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 78 መሠረት መከላከል ሕጋዊ የሚሆነው ጥቃቱ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል ሲሆንና የተወሰደው እርምጃም ከጥቃቱ ጋር ሲመጣጠን ነው። አንቀጽ 79 ከመጠን ያለፈውን ይመለከታል፤ እዚያ ቅጣት ይቀላል እንጂ ጉዳዩ እንዲሁ አይዘጋም። መሬት የወደቀን ሰው መርገጥ የሚያስተምሩ አሉ፤ ያ ተማሪዋን ተከሳሽ ያደርጋታል። ሁለቱንም አሰልጣኞች «ከተላቀቀች በኋላስ ምን ታድርግ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ወደ ብርሃንና ሰው ወዳለበት ሱቅ መሮጥን የሚያለማምደው ጋ አስመዝግቢያት።