ለኮንዶሚኒየም ቤት የሚያምር መብራት የት እናሠራ? ከቦሌ አራብሳ የተጻፈ ጥቆማ

ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶና ቱሉ ዲምቱ ቤት የገቡ ወዳጆቼ ሰሞኑን የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ደስ የሚል መብራት የት ይገኛል?» መልሱ ረዘም ስለሚል በጽሑፍ ላድርገው። ፍርዴን ግን አስቀድሜ ልናገር። አምፖሉን ከሱቅ ግዙ፤ አምፖሉን የሚሸፍነውን ቆብ ግን እዚሁ አሠሩ። በየሰው ቤት ካየኋቸው መብራቶች ሁሉ ልቤን የወሰዱት ስፌት ሰፊዎች፣ ቀርከሃ ሠሪዎች፣ ሸክላ ሠሪዎችና በያጆች የሠሯቸው ናቸው።

ኮንዶሚኒየም ስንረከብ ሳሎኑ ላይ ያለችው ከጣሪያው መሀል የወረደች አንዲት ሽቦ ናት። አብዛኛው ሰው እዚያ ላይ ኃይለኛ ነጭ አምፖል ይሰቅልና ይገላገላል። ቤቱ ፋርማሲ ይመስላል። ሶፋው፣ መጋረጃው፣ የሰው ፊት ሳይቀር ይገረጣል። መርካቶ በየሱቁ የሚንጠለጠለው ባለ ክሪስታል ሻንደለርም ለእኛ ጣሪያ አይሆንም። ለከፍተኛ አዳራሽ የተሠራ ነው፤ እኛ ቤት ሲገባ ረጅም እንግዳ ግንባሩን ይመታዋል። ስለዚህ ብርሃኑን ከፋፍሉት። አንዱ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዝቅ ይበል፣ አንዱ ሶፋው ጥግ ይቁም፣ አንዱ ግድግዳ ላይ ይሁን። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማብራት የለባችሁም።

አምፖል ስትገዙ ሻጩ የሚጠይቃችሁ «ቢጫ ነው ነጭ?» ብቻ ነው። ካርቶኑን ተቀብላችሁ ራሳችሁ አንብቡ። ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው። 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የሚለው ሞቅ ያለው ቢጫ ነው፤ ለሳሎንና ለመኝታ ቤት እሱን ውሰዱ። 4000 ለማዕድ ቤትና ለልጆች ማጥኛ ይሆናል። 6500 የሚለው ሰማያዊ የሚያጠቃው ነጭ ነው፤ ማታ ማታ ለሚቀመጡበት ክፍል አልመክረውም። ነገሩ ወዲህ ነው። በየቤታችን ያለው ኤልኢዲ ከውስጥ ሲነሳ ሰማያዊ ነው። በላዩ የተቀባው ፎስፈር የሚባል ነገር ነው ቢጫ ጨምሮበት ወደ ነጭ የሚያመጣው። ሰማያዊው ብዙ ካለፈ ብርሃኑ ቀዝቃዛ ይሆናል። ያንን ሰማያዊ ኤልኢዲ ለወግ ያበቁት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ዋቱን ትታችሁ የብርሃኑን መጠን የሚነግረውን ሉመን እዩ። የድሮው 60 ዋት አምፖል የሚሰጠው ብርሃን 800 ሉመን ገደማ ነው፤ ዛሬ 9 ዋት አካባቢ ያለው ኤልኢዲ ይበቃዋል። ሌላው ሲአርአይ የሚባለው ቁጥር ነው። ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚታይ ይነግራችኋል። 80 ደህና ነው፣ 90 ካገኛችሁ አትልቀቁት። ካርቶኑ ላይ ካልተጻፈ በርበሬ በላስቲክ ይዛችሁ ሂዱና አምፖሉ ሥር አድርጋችሁ እዩት። ቀይነቱ ከሞተ አምፖሉን መልሱ። ወጡም፣ የእንግዳውም ፊት የሚታየው በዚያው ብርሃን ነው። ሱቁ ውስጥ አስበርታችሁ በስልካችሁ ካሜራም ተመልከቱት። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ከሄደ ብልጭልጭታ አለው ማለት ነው፤ ዓይን ያደክማል።

ለእኛ ለዳር ሰፈር ሰዎች ዋናው ግን ቮልቴጁ ነው። ምሽት ላይ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ይዳከማል፤ ሌሊት ደግሞ ከፍ ይላል። ካርቶኑ ላይ «220–240 ቮልት» ብቻ የሚል አለ፤ «85–265 ቮልት» የሚልም አለ። ሁለተኛውን ምረጡ። ትንሽ ጨምራችሁ ብትከፍሉም ያዋጣችኋል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። የእኔ አንደኛ ምርጫ የስፌት መብራት ነው።

ይህ ሐሳብ ባሕር ማዶም ተሞክሯል። አልቫሮ ካታላን ደ ኦኮን የሚባል ስፔናዊ ዲዛይነር ያገለገለ የፕላስቲክ ጠርሙስን ከቅርጫት ሥራ ጋር አጣምሮ ፔት ላምፕ የሚባል መብራት ሠርቷል። ሥራውን የጀመረው ከኮሎምቢያ ቅርጫት ሠሪዎች ጋር ነው፤ በኋላ የእኛ ሰፊዎችም ተሳትፈውበታል። ብልሃቱ ቀላል ነው። የጠርሙሱ አንገትና ክዳን ሽቦውንና ሶኬቱን ይይዛል፤ የቀረው አካሉ በቀጭኑ ተሰንጥቆ ከስፌቱ ጋር ይጠለፋል። ሃይላንድ በየደጁ ነው፣ ቆራሌው በየቀኑ ያልፋል፣ የሚሰፉ እናቶች ደግሞ በየብሎኩ አሉ። ይሄን እኛ በብዛት አለመሥራታችን ያስቆጨኛል።

እኔ የሄድኩት ሰፈራችን ውስጥ ሰፌድና ሌማት ሰፍተው ወደሚሸጡ አንድ እናት ነው። «እትዬ፣ መሀሉ ላይ ቀዳዳ ይተዉልኝ» አልኳቸው። «ምን ሊወጣበት ልጄ?» አሉኝ። ስልኬን አብርቼ ከተገለበጠ ሰፌድ ሥር ያዝኩት። ውስጡ ወርቅ መሰለ። ብርሃኑ ግን በስፌቱ መሀል አልወጣም። የእኛ ስፌት ጥብቅ ነው፤ ስንደዶና አክርማ የሚባሉት የስፌት ሣሮች ተጠቅጥቀው ስለሚሰፉ ብርሃን አያሳልፍም። እትዬ ትንሽ አዩትና ወስፌያቸውን ጠርዙ ላይ አስቀመጡ። «እንግዲያው ከዚህ ወዲያ ረድፉን ላራርቀው» አሉ። ከታች ሦስት ረድፍ ላይ በየጣት ስፋቱ ክፍተት ተዉ። ዛሬ ማታ ማታ ግድግዳዬ ላይ የሚዞረው የጥላ ቀለበት የመጣው ከእሳቸው ሐሳብ ነው።

ስታዝዙ ሦስት ነገር በሉ። አንደኛ፣ መሀሉ ላይ 4 ሴንቲሜትር ያህል ቀዳዳ ይኑረው፤ የተለመደው ጥምዝ ሶኬት ከነማሰሪያ ቀለበቱ እዚያ ይገባል። ሶኬቱን ይዛችሁ ሄዳችሁ ብታስለኩት ደግሞ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ጥልቀቱ አምፖሉን ይዋጠው። ተቀምጣችሁ ቀና ስትሉ አምፖሉ ራሱ መታየት የለበትም። ዴንማርካዊው የመብራት ዲዛይነር ፖል ሄኒንግሰን ዕድሜውን ሙሉ የደከመው ለዚህ ነበር። በ1958 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፒኤች 5 የተባለው መብራት ቆብ በቆብ ላይ የተደራረበ ነው፤ ከየትም ብታዩት ብርሃኑ እንጂ አምፖሉ ዓይናችሁን አይወጋም። ሦስተኛ፣ ውስጡ ቀለም የሌለው ይሁን። ቀይና አረንጓዴ አለላው ከውጭ ያምራል፤ ውስጥ ከሆነ ግን ብርሃኑን ይበላዋል። ከጠረጴዛው በላይ ከ70 እስከ 80 ሴንቲሜትር ላይ ስቀሉት። ሽቦው ከጣሪያው መሀል ስለሚመጣ ጠረጴዛው ባለበት በኩል በድሪል በስታችሁ፣ ፊሸር አስገብታችሁ፣ በመንጠቆ ሳቡት።

ሁለተኛው ቀርከሃ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የደጋና የቆላ የሚባሉ ሁለት አገር በቀል የቀርከሃ ዝርያዎች አሉ። ለመብራት የሚሆነው በቀጭኑ ተሰንጥቆ የሚታጠፍ ነው። ከስፌት የሚለየው ብርሃን ማሳለፉ ነው፤ ግድግዳው በሙሉ በመስመር ይሞላል። ለኮሪደርና ለመግቢያ እወደዋለሁ። ለንባብ ግን አይሆንም፤ ጥላው ገጹ ላይ ይረብሻል። በየአስፋልቱ ዳር ወንበርና መደርደሪያ የሚሠሩት ወጣቶች ሥዕል ካሳያችኋቸው ይሠሩላችኋል። ስትረከቡ ነጭ ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርጉት። እንደ ዱቄት ያለ ነገር ካራገፈ ነቅዟል፣ አትውሰዱት።

ቀርከሃውን በጨርቅ ብታለብሱት ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። ጃፓናዊ አሜሪካዊው ቀራጺ ኢሳሙ ኖጉቺ በ1951 እ.ኤ.አ. ጊፉ የተባለች የጃፓን ከተማን ጎብኝቶ የዓሣ አስጋሪዎችን ፋኖስ አየ። ከዚያ በመነሳት በቀርከሃና በወረቀት አካሪ የሚባሉትን መብራቶች ሠራ፤ ዛሬም ይሠራሉ። እኛ ያንን ዓይነት ወረቀት የለንም፤ ነጠላ ግን አለን። ከሽሮ ሜዳ ስስ የእጅ ፈትል ገዝታችሁ በሁለት የቀርከሃ ቀለበት መሀል አሰፉት። ሲበራ የፈትሉ ውፍረትና ቅጥነት አንድ በአንድ ይታያል። ፋብሪካ የሚያመርተው ጨርቅ ይሄ ውበት የለውም። ጥለቱን ወደ ታች አድርጉት።

በስፌትም ሆነ በነጠላ ውስጥ የድሮውን ባለ ክር አምፖል በፍጹም እንዳታስገቡ። ከሚበላው ኃይል ብርሃን የሚሆነው ከመቶ አምስት ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ነው። ሣርና ጥጥ ደግሞ ይቀጣጠላል። ከ5 እስከ 7 ዋት ያለው ኤልኢዲ በቂ ነው፤ እሱም ቢሆን ጨርቁን አይንካ።

ተከራይ ለሆናችሁና ጣሪያ መብሳት ለማትችሉ ጥቆማዬ በያጅ ቤት ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. አኪሌና ፒየር ጃኮሞ ካስቲሊዮኒ የተባሉ ጣሊያናውያን ወንድማማቾች አርኮ የሚባል መብራት ሠሩ። ሐሳቡ ጣሪያ ሳይነካ ጠረጴዛ ላይ ብርሃን ማውረድ ነበር። ከሶፋው ጀርባ ይቆማል፣ ክንዱ ጎብጦ ሁለት ሜትር ያህል ይሄዳል። ክብደቱን የሚይዘው 65 ኪሎ ገደማ የሚሆን እብነ በረድ ነው። እብነ በረዱ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ሁለት ሰው የመጥረጊያ እንጨት ሰክቶ እንዲያነሳው ተብሎ የተበጀ ነው። ይህቺን ቀዳዳ በጣም እወዳታለሁ። ቤት የሚያጸዳውንም ሰው ያሰበ ዲዛይን ነው።

ከጎሮ እስከ አያት ድረስ በር የማይሠራ በያጅ የለም። ክብ ቱቦላሬ አስጎብጡ፣ ሽቦው በውስጡ ይሂድ። ለመቀመጫው እብነ በረድ ቆራጮች ጋ ሄዳችሁ ወፍራም ቁራጭ ጠይቁ፤ ከሌለ ኮንክሪት በባልዲ ቅርጽ ማፍሰስ ይቻላል። ክንዱ ባጠረ ቁጥር መቀመጫውም ይቀላል። ከመረከባችሁ በፊት ጫፉ ላይ ከቆቡ እጥፍ የሚከብድ ነገር ሰቅላችሁ ወዘወዝ አድርጉት። ሽቦው የሚወጣበትን የብረት አፍ በሞረድ አስለስሱትና ጎማ አስገቡበት፤ ስለታም ጠርዝ ሽቦ ይልጣል። ብረት ስለሆነ የኧርዝ ሽቦ ግድ ነው። የመጨረሻውን ግንኙነት ኤሌክትሪሻን ይሥራው፤ በያጁ «እኔው አያይዘዋለሁ» ቢል እሺ አትበሉ።

ለግድግዳ ግን ከቀጨኔ ሸክላ የሚበልጥ አላየሁም። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ጀበናና ድስት የሚሠሩበት እጅ ለመብራት የተፈጠረ ነው። ግማሽ እንስራ የሚመስል፣ ጀርባው ጠፍጣፋ ቅርጽ እዘዙ። ቀዳዳው ጭቃው እርጥብ ሳለ ይበሳ፤ ከተተኮሰ በኋላ ከሆነ ይሰነጠቃል። ጥቁሩን ምረጡ። ብርሃኑ በቀዳዳው ብቻ ስለሚወጣ ጥቁሩ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ 3 ዋት ይበቃዋል። ከባድ ስለሆነ ጂፕሰም ላይ አይሰቀልም፤ ብሎኬት ግድግዳ ላይ ይሁን። ዋጋ ላይም አትጨቃጨቁ። እነዚህ ሴቶች ጭቃውን ፈልገው፣ ፈጭተውና አቡክተው ነው እዚህ የሚያደርሱት።

ቅልም ይሆናል። ደረቅ ቅል በቀጭን ድሪል ተበስቶ ለራስጌ መብራት በጣም ያምራል፤ ልጆች ይወዱታል። ግን ይሰበራል፣ እርጥበትም አይወድም።

የቦሌ ሾው ሩሞችን አልጠላም። ስስ የግድግዳ መብራትና ኮርኒስ ውስጥ የሚደበቅ ስትሪፕ (እንደ ጥብጣብ ያለ ኤልኢዲ) ከፈለጋችሁ እዚያ ሂዱ፤ ኤሌክትሪኩን ለኤልኢዲው የሚያመቻቸው ድራይቨር ቢበላሽ የሚቀየር መሆኑን ጠይቃችሁ ዋስትናውን በደረሰኝ ላይ አስጽፉ። ቴሌግራም ላይ የሚሸጡትን በፎቶ ብቻ አትግዙ። የፎቶው ብርሃን ሁልጊዜ ሞቅ ያለ ነው፤ የሚመጣው አምፖል ግን ብዙ ጊዜ ነጭ ነው። ለውጭ በር ከሆነ አቧራና ውሃ እንደማያስገባ የሚያሳየውን አይፒ65 የሚል ፈልጉ። ለሶላር ደግሞ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ትልቅ ዋት ትታችሁ የፓነሉን ስፋት እዩ፤ የመዳፍ ያህል ፓነል ግቢ ሙሉ አያበራም።

መብራት ሲጠፋስ? ባትሪ ያለው አምፖል እዚሁ ቆብ ውስጥ ይገባል። ማብሪያው እንደበራ መተው አለበት፣ ቻርጅ የሚያደርገው በሚበራበት ጊዜ ስለሆነ። ሙቀት ስለማይወድ በስፌቱ ውስጥ ሰፊ ቦታ ስጡት፤ በተዘጋ ሸክላ ውስጥ አታስገቡት። ለምግብ ጠረጴዛው እሱን አድርጉ፤ ቢጠፋም ራት አይቋረጥም። ለሌላው ክፍል ቻርጅ የሚደረግና ከክፍል ክፍል በእጅ የሚዞር ትንሽ የጠረጴዛ መብራት ይበቃል።

ስታሠሩ ልኩን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፣ ግማሹን ቀብድ ክፈሉ፣ የምትረከቡበትን ቀን ቁረጡ። ስፌት ከሆነ ከበዓል ሰሞን ቀደም ብላችሁ እዘዙ። እንቁጣጣሽና ፋሲካ ሲቃረብ ሰፊዎቹ የመሶብ ትእዛዝ ይበዛባቸዋል፤ የእናንተ መብራት ወረፋ ይጠብቃል።