ክብደት ለመቀነስ በየቀኑ እሮጣለሁ፤ ድካሙ ግን አላስነሣ አለኝ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ዕድሜዬ 34 ነው፤ በሥራ ዝውውር ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ከመጣሁ 4 ወር ሆኖኛል። ስመጣ 84 ኪሎ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ስለምውል ይህን ክብደት ለመቀነስ ቆርጬ ተነሣሁና ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ በሚወጣው ዳገት፣ እሑድን እንኳ ሳላስቀር፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት እሮጣለሁ። ቁርስ ትቼ ቡና ብቻ እጠጣለሁ፤ ምሳዬ ግማሽ እንጀራ በሽሮ ነው፤ ማታ ደግሞ ሰላጣ። በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት 8 ኪሎ ቀነስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሚዛኑ ከ76 አልነቃነቅ ብሏል። ይባስ ብሎ ከሰዓት በኋላ ዓይኔን መግለጥ ያቅተኛል፣ ከተቀመጥኩበት ስነሣ ያዞረኛል፣ የቢሮውን ደረጃ ስወጣም እግሬ አልታዘዝ ይለኛል። ባልደረቦቼ «የደሴ ከፍታ ነው፤ ትለምጂዋለሽ» ይሉኛል። ልግፋበት ወይስ ላቁም?

የጦሳ ጎረቤት፦
አብሽሪ እህቴ። ባልደረቦችሽ የነገሩሽ ግማሽ እውነት ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የመጣ ሰው መጀመሪያ አካባቢ ቢያለከልክ አይገርምም። ነገር ግን ሰውነት ይህን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምደዋል፤ 4 ወር የቆየን፣ ያውም እየባሰ የሄደን ድካም በከፍታው ማሳበብ ልክ አይመስለኝም።

እኔ የምጠረጥረው ዳገቱንና ዕረፍት ማጣትሽን ነው። እየሮጥሽ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻልሽ ፍጥነቱ ከዐቅምሽ በላይ ነው ማለት ነው። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ሲሆን፣ አንቺ ግን 420 ደቂቃ ከባድ ሩጫ በዳገት ላይ ትሠሪያለሽ። ሦስቱን ቀን በሜዳ ላይ ፈጠን ያለ እርምጃ አድርጊው፤ ሁለቱን ቀን ቁጭ ብድግ እያልሽ ጡንቻሽን አሠሪ፤ ቢያንስ አንዱን ቀን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ዕረፊ። ጡንቻ የሚጠነክረው በዕረፍቱ ጊዜ ነውና።

አንድ አንባቢ፦
ይቅርታ ይደረግልኝና ሩጫዋን ቀንሳ ምግብ ከጨመረች የቀነሰችው ሁሉ ተመልሶ አይመጣም? እኔ መግፋቱን እመርጣለሁ።

በጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ፦
ከላይ ያለው አስተያየት ብዙ ሰው የሚያስበው ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። የጠያቂዋ የቀን ምግብ በእኔ ግምት ከ1,000 ኪሎ ካሎሪ ብዙም አይርቅም። ሰውነት እንዲህ ሲራብ ራሱን መቆጠብ ይጀምራል፤ ሰውየው ሳይታወቀው ቀኑን ሙሉ እንቅስቃሴው ይቀንሳል፣ ከስቡ ጋር ጡንቻውም ይቀልጣል። የሚዛኑ መቆምና ድካሙ አብረው የመጡትም በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ መቀነስ ይበቃል፤ ለግማሽ ኪሎውም ሰውነት በቀን ከሚያቃጥለው 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ቀንሶ መብላት በቂ ነው። እህቴ፣ ቁርስዎን ይመልሱ፤ ሁለት እንቁላል 12 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጥዎታል፤ በጾም ወቅት ምስርና ባቄላ ይተኩታል።

ሁለተኛው ነገር ደም ነው። ማዞርና የእግር መዛል ሲደማመሩ የብረት እጥረትን ሳይመረምሩ ማለፍ አይገባም፤ በተለይ የወር አበባ በሚያዩ ሴቶች ላይ። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) በዴሲሊትር ደም ከ12 ግራም በታች ሲሆን ደም ማነስ ይባላል፤ ይህ ቁጥር ግን የባሕር ጠለል መለኪያ ነው። ደሴን በመሰለ ከፍታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ ከዚያ በላይ መሆን ስላለበት የደም ማነስ መነሻው ቁጥር ከ1 ግራም በላይ ከፍ ይላል። ስለዚህ 12.5 አግኝተው «ደህና ነሽ» ቢባሉ አይዘናጉ፤ የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው የፌሪቲን ምርመራ እንዲታከል ይጠይቁ። የታይሮይድ ሆርሞንና የስኳር መጠንም አብረው ቢታዩ መልካም ነው። ሳይመረመሩ የብረት ኪኒን መጀመር አይገባም። ከምሳ ጋር ተያይዞ የሚመጣው ቡናም ከምግቡ ብረት እንዳይመጠጥ ስለሚያደርግ አንድ ሰዓት ያህል ያዘግዩት፤ በወሎ ይህን መምከር ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ወይም ቁጭ ብለው ሳሉ የትንፋሽ ማጠር ካለ ግን ሩጫውን አቁመው በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጠያቂ (ከ4 ሳምንት በኋላ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሄሞግሎቢኔ 12.4 ነበር፤ የመረመረኝ ባለሙያም ወረቀቱን ዐይቶ ሊያሰናብተኝ ሲል ከፍታውን ጠቅሼ ፌሪቲን እንዲታይ ጠየቅሁ። ውጤቱ ዝቅ ብሎ ስለተገኘ ሐኪም ብረት አዝዞልኛል። ሩጫውን ወደ 4 ቀን አውርጄዋለሁ፣ ቁርስም እበላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የሚጥለኝ እንቅልፍ ቀርቷል። ሚዛኑ ግን 77 ሆነ! ስብ ይሆን?

በጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ፦
አይመስለኝም። ተርቦ የከረመ ጡንቻ ምግብ ሲያገኝ ግላይኮጅን የሚባለውን የስኳር ስንቅ ያከማቻል፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ደግሞ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ለሚቀጥሉት ሳምንታት ሚዛኑን ትተው ወገብዎን በሜትር ይለኩ።