የኤሌክትሪክ ሳይክሌ ባትሪ ማታ ቻርጅ ሳደርገው ይሞቃል፣ የቻርጀሩ መብራትም ቀይ አረንጓዴ ይላል

የሆጤው ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ ነው። የምሠራው ኮምቦልቻ፣ እንጨት ቤት። ድሮ በሚኒባስ ነበር የምመላለሰው። ወረፋው ሲያስመርረኝ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ሳይክል ገዛሁ። አሁን አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ዝናብ ካልሆነ በቀር በሱ ነው የምወርደው፣ በሱ ነው የምወጣው።

ባትሪው ሊቲየም ነው። ጀርባው ላይ 48 ቮልት፣ 15 አምፔር አወር ይላል። ማሳያው ላይ አምስት መስመር አለው። ጠዋት ስወርድ አንድ መስመር ቢጎድል ነው። ማታ የሐረጎን ዳገት ስወጣ ግን ሦስቱን ይበላል።

ችግሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቻርጀሩ «ጠሽ» አለና ዝም አለ። በማግስቱ ሌላ ገዛሁ። ሻጩ «ይኸም የ48 ነው፣ ይሆናል» አለኝ። ጫፉም ልክክ ብሎ ገባ። ከዚያ ወዲህ ግን ደስ አላለኝም። ቻርጁ ሊሞላ ሲል መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ወዲያው ደግሞ ቀይ ይሆናል። እንዲህ እያለ ያድራል። ባትሪውን ስነካው ሻይ የተቀዳበት ብርጭቆ የያዝኩ ነው የሚመስለኝ። ድሮ ለብ ይል ነበር እንጂ እንዲህ አይሞቅም።

የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የሁለት ዓመት ልጃችን። ባትሪው የሚሰካው በሩ ሥር ነው፣ ሶኬቱ ያለው እዚያ ስለሆነ። ከፍራሹ ጋር ቢበዛ ሁለት እርምጃ ቢራራቁ ነው። ትናንት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነቅቼ ተነሣሁና ነቀልኩት። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቻርጀሩ ነው? ባትሪው ነው? ወይስ የሰፈራችን መብራት? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ጋሼ ኤሌክትሪክ

ወንድሜ፣ አብሽር። ነቅለህ ማደርህ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ግን በዚያ ቻርጀር አትሰካው። ባትሪውንም ቤት ውስጥ አታሳድረው። ግቢው ውስጥ ዝናብ የማይነካው በረንዳ ካለ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጠው። ልጅ የማይደርስበት ይሁን።

ኮምቦልቻ ውስጥ መስመር ስዘረጋና ሞተር ስጠግን ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ያልከውን ሳነብ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቻርጀሩን ነው። ገልብጠውና ጀርባውን አንብብ። ሁለት መስመር ታገኛለህ። አንዱ ከግድግዳው የሚገባው ነው፣ እሱን ተወው። «አውትፑት» የሚለውን፣ ወደ ባትሪው የሚወጣውን እይ። ስንት ቮልት ይላል?

«የ48 ነው» ማለት አይበቃም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። የ48 ቮልት ሊቲየም ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ 13 ረድፍ ሴል፣ ማለት ትንንሽ ባትሪ፣ አለው። አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። በ13 ብታባዛው 54.6 ይመጣል። ስለዚህ ቻርጀሩ 54.6 መስጠት አለበት። ለአሲድ ባትሪ የተሠራው የ48 ቻርጀር ደግሞ ወደ 59 ቮልት ይሰጣል። ሁለቱም ሱቅ ላይ «የ48» ነው የሚባሉት። ጫፋቸው አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ ሣጥናቸውም ይመሳሰላል።

ያንተ ቻርጀር የአሲድ ከሆነ እያንዳንዱን ሴል ከአቅሙ በላይ እየገፋው ነው። ባትሪው እስካሁን ያልተቃጠለው በውስጡ ቢኤምኤስ የሚሉት መቆጣጠሪያ ቦርድ ስላለ ነው። ሴሉ ከልክ ሲያልፍ ቦርዱ ይዘጋል፣ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል። ቮልቱ ትንሽ ሲወርድ ይከፍታል፣ ቀይ ይሆናል። ያየኸው ቀይ አረንጓዴ እንደዚያ ይመስለኛል። ያ ቦርድ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ዘበኛ ነው፣ ሌሊት ሙሉ ከሌባ ጋር ሲታገል እንዲያድር የተሠራ አይደለም። አንድ ቀን ቢበላሽ የሚያስቆመው ነገር የለም።

የቻርጀሩን ጽሑፍ አይተህ መልስልኝ። ሌላው የምነግርህ ነገር አለኝ፣ እሱ ከዚህ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

እናት ነኝ ከቧንቧ ውሃ

እኔ ኤሌክትሪክ አላውቅም። ያየሁትን ግን ልንገርህ ወንድሜ፣ ልጅ ስላለህ ነው።

ጎረቤታችን ያለ ልጅ የሳይክሉን ባትሪ ከደረጃ ላይ ጣለው። ጥጉ ትንሽ ጎደጎደ። ይሠራል ብሎ ዝም አለ። ከቀናት በኋላ ቻርጅ ላይ እያለ መጀመሪያ ሽታ መጣ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ዓይነት፣ ጣፈጥ የሚል ሽታ። ከዚያ በቆሎ ሲቆላ እንደሚፈነዳው «ጧ፣ ጧ» ይል ጀመር። ነጭ ጭስ ክፍሉን ሞላው። በሩ ጋ ስለነበረ የተሰካው፣ እናቲቱ በመስኮት ነው የወጣችው። ሰዉ አፈር አለበሰው። ጠፋ ስንል እንደገና ተነሣ። ቆጣሪው ጋ ብሬከሩ ከጠፋ በኋላ ብዙ ባልዲ ውኃ ሲደፋበት ነው የቀዘቀዘው። አልሐምዱሊላህ ሰው አልተጎዳም። ግን ያ ጭስ እናቲቱን ለቀናት አሳላት።

እባክህ ከበሩ ላይ አንሣው። ሌላው ሁሉ ይቆይ። እሳት ቢነሣ ልጅህን ይዘህ የምትወጣው በየት ነው?

የሆጤው ልጅ

እህቴ፣ አላህ ይስጥሽ። ለባለቤቴ አነበብኩላት። ባትሪው አሁን ውጭ በረንዳ ላይ ነው፣ አከራያችን ፈቀዱ።

ጋሼ፣ አየሁት። 58.8 ቮልት ይላል፣ 2 አምፔር። ያሉት ነው። 58.8ን ለ13 አካፈልኩት፣ 4.52 መጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቤተሰቤ አጠገብ ይህን ሳደርግ እንደነበር ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል። ባትሪው ከእንግዲህ ይጣላል ማለት ነው?

ጋሼ ኤሌክትሪክ

ለመጣል አትቸኩል። ሳይመረመር ግን አትሰካው። ራስህ እንዳትከፍተው። ሊቲየም የሚያውቅ ጠጋኝ ፈልግና 13ቱን ረድፍ አንድ በአንድ በቴስተር፣ በቮልት መለኪያው፣ ይለካልህ። ሁሉም ተቀራራቢ ከሆኑ፣ አንድም ሴል ካላበጠ፣ አድሮም ቮልቱ ካልወረደ ተርፏል። አንዱ ረድፍ ከሌሎቹ ወርዶ ከተገኘ ወይም ሣጥኑ ካበጠ አትሳሳለት፣ አበቃለት ማለት ነው። እንደዚያ ዓይነቱን ከቆሻሻ ጋር አትጣለው፣ ለጠጋኙ ተውለት።

ቻርጀሩን ግን ለሌላ ሰው እንዳትሸጠው። ጫፉን ቁረጠው።

አሁን ወደዚያ ወዳልኩህ ልምጣ። ወንድሜ፣ ለምንድነው ደሴ ላይ ማታ ቻርጅ የምታደርገው? ሁሉም ሰው ስልኩን ማታ ስለሚሰካ ሳይክሉንም ማታ ይሰካል። ያንተ መንገድ ግን ለየት ያለ ነው። ጠዋት ወደ ታች ነህ። ጉልበት የምትፈልገው ማታ 11 ሰዓት ላይ፣ ኮምቦልቻ ላይ ቆመህ ሐረጎን አሻቅበህ ስታይ ነው።

ሒሳቡን እየው። 48 በ15 ስታባዛ 720 ዋት ሰዓት ነው፣ ባትሪህ ሲሞላ የሚይዘው። ከኮምቦልቻ ደሴ ከፍታው ወደ 600 ሜትር ይለያያል። አንተና ሳይክልህ 110 ኪሎ ብትሆኑ፣ ያንን ክብደት ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 180 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ሞተሩ ዳገት ላይ በሙቀት የሚያባክነው፣ ንፋሱ፣ የጎማው መጎተት ሲደመር ከግማሽ ባትሪ በላይ ይሄዳል። አንተም ሦስት መስመር ያልከው ለዚያ ነው። ሁለት መስመር ይዘህ ደሴ ትገባለህ። ጠዋት ለመውረድ አንዱ ይበቃሃል ብለሃል። ታዲያ ሌሊት ምን ልትሠራ ትሰካዋለህ?

ቀን ኮምቦልቻ ላይ ስካው። ከአንድ መስመር ተነሥተህ 12 አምፔር አወር ያህል ብትሞላ፣ በ2 አምፔር ቻርጀር 6 ሰዓት ግድም ይወስዳል። ጠዋት 2 ተኩል ላይ ብትሰካው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ሞልቷል። ሰው ሁሉ ነቅቷል። አንተም እየሄድክ ታየዋለህ። ባትሪውም ቁልቁለት ወርዶ ስለመጣ አልሞቀም። ማታ ግን ዳገት ጎትቶ፣ ግሎ ነው ቤት የሚገባው። ሙቅ ባትሪ እንደደረሰ መሰካት ጥሩ አይደለም፣ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይብረድ።

ሌላም ጥቅም አለው። ሊቲየም ሙሉ ሆኖ ማደር አይወድም። መካከለኛ ላይ ሲያድር ዕድሜው ይረዝማል። ሳይክልህ ቁልቁለት ላይ ቻርጅ የሚመልስ ዓይነት ከሆነ ደግሞ፣ ጠዋት ጥግ ድረስ ሞልቶ ከወጣ የሚመለሰው ኤሌክትሪክ መግቢያ ያጣል። ቦርዱ ሊቆርጠው ይችላል። ሞተሩ ይዞልኝ ነበር ስትል በድንገት ይለቅሃል።

እንጨት ቤት ነው የምሠራው ብለሃል። ሰጋቱራ ካለበት ክፍል ውስጥ በፍጹም እንዳትሰካው። ቀለምና ቫርኒሽ ካለበትም ራቅ። አሠሪህን ለምነህ ውጭ፣ ጣሪያ ያለው ሲሚንቶ ላይ ቦታ አስፈቅድ። ቻርጀሩ ከግድግዳው የሚስበው ወደ 130 ዋት ነው። ምጣድ 3500 ዋት ይስባል። ወጪ ያስወጣኛል እንዳይል ይህን ንገረው።

ማከፋፈያ ላይ አትሰካ፣ ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ይሁን። ጭነቱ ትንሽ ሆኖ ሳለ ማከፋፈያ የሚያግለው ውስጡ የላላ ፒን ነው። ሶኬቱ ሲነካ ከሞቀ ወይም ጠቆር ካለ መጀመሪያ እሱ ይቀየር። መብራት ሲሄድ ሄደህ ንቀል። ተመልሶ ሲመጣ አሥር ደቂቃ ጠብቅ። የመጀመሪያውን ቻርጀርህን የጨረሰው ያ አመጣጡ ነው።

የገራዶ ጋላቢ

ጋሼ ሁሉንም ብለውታል። እኔ ስለ ቁልቁለቱ ብቻ ልጨምር፣ እኔም በዚያ መንገድ እወርዳለሁና።

የኤሌክትሪክ ሳይክል ከተራው በጣም ይከብዳል። ፍሬኑን ይዘህ ብቻ ከሐረጎ ከወረድክ ዲስኩ ይግላል፣ መያዝም ይቀንሳል። እኔ ጠመዝማዛው ከመድረሱ በፊት ጠበቅ አድርጌ እይዝና ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፣ ከዚያ እለቀዋለሁ። የፊቱንና የኋላውን አንድ ላይ። መሐል ላይ ሁለት ጊዜ እቆማለሁ። የፍሬኑን ሸራ በየሁለት ሳምንቱ አየዋለሁ፣ በዚህ መንገድ ቶሎ ያልቃል።

ጉም ሲወርድ መብራት ቢኖርህም ከባድ መኪናው አያይህም። ከጅቡቲ መስመር የሚመጣው ተሳቢ መታጠፊያ ላይ ሰፋ አድርጎ ነው የሚይዘው። እኔ ጉም ካየሁ ሳይክሌን አስቀምጬ ሚኒባስ ነው የምይዘው። ወረፋውን እችለዋለሁ።

የሆጤው ልጅ

አሥራ አንድ ቀን ሆነ፣ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ኮምቦልቻ አንድ ጠጋኝ ከፈተልኝ። ስንወስደው ባትሪው በጠቅላላ 50.6 ቮልት ነበር። 13ቱንም ረድፍ ፊቴ ለካቸው። ቁጥሩን ሲጠራ እኔ ካርቶን ላይ ስጽፍ፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። 3.89፣ 3.89፣ 3.90፣ 3.88 እያለ ሄደ። ትልቁ ልዩነት 0.02 ነው። ያበጠ የለም። እሱ ጋ ሁለት ሌሊት አሳድሮ ደግሞ ለካው፣ አልወረደም። «ዕድለኛ ነህ» አለኝ። ሣጥኑን ገጥሞ፣ ጠርዙን በሲሊኮን አሽጎ ሰጠኝ።

54.6 የሚል ቻርጀር ለማግኘት አራት ሱቅ ዞርኩ። ሦስቱ ጋ ጀርባውን ላንብብ ስል ተገረሙብኝ። አራተኛው ራሱ በቴስተር ለክቶ አሳየኝ፣ 54.5 አለ። ከእሱ ገዛሁ።

አሠሪዬ ተስማማ። ጥበቃው ቤት አጠገብ በረንዳ አለ፣ ሲሚንቶ ነው፣ ቆርቆሮ ጣሪያ አለው፣ ከሰጋቱራው ይርቃል። ጥበቃው ጋሼ ወንበራቸውን እዚያው ነው የሚያደርጉት። መብራት ሲሄድ እሳቸው ይነቅሉልኛል። ትናንት ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ከ40 ላይ አረንጓዴ ሆነ፣ አረንጓዴ እንደሆነም ቆየ። እጄን ጣል አደረግኩበት። ለብ ብሎ ነበር፣ እንደ ድሮው።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ቀረችኝ። ክረምት ሲገባና አንድ ሁለት ሳምንት ሳልነዳው ስቀር ምን ያህል ላይ ልተወው?

ጋሼ ኤሌክትሪክ

ደስ አሰኘኸኝ ወንድሜ። ሦስት መስመር ላይ ተወው፣ ግማሽ ያህል ማለት ነው። ደረቅ ቦታ፣ ከፀሐይና ከምድጃ ራቅ ያለ። በወር አንዴ እየው፣ ወደ አንድ መስመር ከወረደ ትንሽ ስጠው። ዝናብ ከመታው የቻርጅ ቀዳዳውን በደረቅ ጨርቅ አብሰህ፣ እስኪደርቅ ሳትጠብቅ እንዳትሰካው። ካርቶኑን ደግሞ አትጣለው። ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ስታስለካው ከነዚያ ቁጥሮች ጋር ታስተያየዋለህ።