እንጀራችን እንዲቆይ ከዩኒቨርሲቲ ጋር ልንሠራ ነው፤ ውሉ ላይ ምን ይግባ?

ካዛንቺስ_ምጣድ፦
እንጀራ እያሸግን ለሱቆችና ለላኪዎች የምናቀርብ አነስተኛ ድርጅት ነን። ሦስት ቀን አለፍ ሲል ይሻግታል፤ አሥር ቀን ልናደርሰው እንፈልጋለን። አራት ኪሎ ያነጋገርናቸው መምህር «የማስተርስ ተማሪ ይሠራዋል፣ የመግባቢያ ሰነድ እንፈራረም» ብለውናል። ናሙና ስንት እንስጥ? ክፍያው እንዴት ይሁን? የሚገኘው ቀመርስ የማን ነው?

ውል_አርቃቂ፦
የመግባቢያ ሰነድ ፎቶ ለመነሳት ነው። ሥራው የሚታሰረው ከሥሩ በሚፈረም የፕሮጀክት ውል ነው፤ ምን እንደሚለካ፣ መቼ እንደሚሰጥና ስንት እንደሚከፈል በአባሪ ይዘርዘር። መምህሩ የቱንም ያህል ቢከበሩ ፊርማቸው ዩኒቨርሲቲውን አያስገድድም። የሚፈርመው የምርምር ምክትል ፕሬዚዳንቱ ወይም በጽሑፍ የተወከለ ሰው ነው፤ የውክልናውን ቅጂ ይያዙ።

ባለቤትነት ላይ አዋጅ ቁጥር 123/1987 በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል የተሠራ ፈጠራ፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ የአሠሪው ወይም ያሠራው ወገን ነው ይላል። ተማሪው ግን የዩኒቨርሲቲው ተቀጣሪም የእናንተ ሠራተኛም አይደለም። ስለዚህ ለብቻው የመብት ማስተላለፊያና ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ይፈርም፤ ሥራው ሳይጀመር።

ትልቁ ቀዳዳ ቴሲሱ (የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ) ነው። ሲመረቅ ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ይጫናል፣ ተፎካካሪዎ በነጻ ያወርደዋል። «አታሳትሙ» ማለት አያዋጣም፣ ልጁ መመረቅ አለበት። የሚያስኬደው ይሄ ነው፦ ረቂቁን ከዲፌንስ (ተማሪው ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ከሚያቀርብበት ቀን) 30 ቀን በፊት ታያላችሁ፣ የድርጅቱ ስምና የሻጋታ መከላከያው ትክክለኛ መጠን በኮድ ይተካል፣ የኮዱ መፍቻ እናንተ ዘንድ ይቀራል። ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ካሰባችሁ ማመልከቻው ከዲፌንሱ ይቅደም (ጥበቃው 15 ዓመት ነው፣ እዚህ አገር ሥራ ላይ ከዋለ 5 ይጨመራል)። እውነቱን ለመናገር ግን እንጀራ ላይ መከላከያ መጨመር አዲስ ነገር አይደለም፤ እጃችሁ ላይ የሚቀረው የንግድ ምስጢር ነው።

አንድ አንቀጽ ደግሞ እንዳይረሳ፦ ድርጅቱ ቢዘጋ ወይም ቢሸጥ መብቱ ወዴት ይሄዳል? የጤፉን ጉዳይ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የጥቅም መጋራት ውል ተፈራረመች፤ ኩባንያው በ2009 ከሰረ፣ በጤፍ ላይ የተወሰደው ፓተንት ግን በሌላ እጅ ቀጠለ። ሄግ ያለው ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው።

ላብ_4ኪሎ፦
ከአንድ ቀን ጋገራ 20 እንጀራ ልካችሁ «ፈትሹልን» ካላችሁ፣ የምታውቁት የዚያን ቀን ሊጥ ብቻ ነው። በሦስት የተለያዩ ቀናት የተቦካ ሊጥ ይሁን፣ ከእያንዳንዱ በየመለኪያው ቀን 3 ጥቅል፣ መለኪያው 7 ጊዜ (በ0፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12ኛው ቀን)፣ መከላከያ ያለውና የሌለው። 3×3×7×2 = 126፤ ከመጠባበቂያ ጋር 150 ጥቅል። ሁለተኛ መጠን ከሞከራችሁ ሌላ 63 ይጨመራል።

ፖታሲየም ሶርቤት (የሻጋታ መከላከያው) እርሾው ላይ አይግባ፣ እርሾውን ራሱን ያደክመዋል። አብሲት ተጥሎ ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ፣ ሊጋገር ሲል፣ በጥቂት ውሃ አሟሙታችሁ ጨምሩ። ኮዴክስ (ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ) ለጋገራ ምርቶች ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 1 ግራም ነው፤ ይህ ግን በሶርቢክ አሲድ ሲሰላ ነው፣ በፖታሲየም ሶርቤት 1.34 ግራም ገደማ ይሆናል። የሚቆጠረውም በኪሎ እንጀራ እንጂ በኪሎ ሊጥ አይደለም። ሊጡ ምጣድ ላይ ውሃ ስለሚያጣ፣ ሊጥ ላይ ጣሪያውን የሞላ እንጀራው ላይ ያልፈዋል።

ምጣዱ ሻጋታውን ይገድላል፤ የሚመለሰው ከሰፌዱና ከአየሩ ነው። የሰፌዱ እጥበትና ማቀዝቀዣ ክፍሉ የጥናቱ አካል ይሁኑ፣ አለበለዚያ ኬሚካሉ የንጽሕና ጉድለት መሸፈኛ ይሆናል። ትኩሱን ማሸግም ላስቲኩ ውስጥ ላብ ይፈጥራል።

ለላኪዎቹ ደግሞ፦ አዲስ አበባ ላይ በጋዝ የታሸገ ጥቅል ጅቡቲ ሲደርስ በሩብ ያህል ይሟሽሻል። የአየር ግፊቱ ልዩነት ነው እንጂ ማሸጊያው አላፈሰሰም። ማፍሰሱን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ በአረፋ ለዩት።

ግዥ_ክፍል፦
ገንዘቡ በመምህሩ ስም እንዳይገባ። በዩኒቨርሲቲው አካውንት፣ በደረሰኝ። ከገባ በኋላ ግን የሻጋታ ማሳደጊያ ሚዲያ ለመግዛት ፕሮፎርማና ኮሚቴ ነው፤ ሴሚስተሩ ያልቃል። ፍጆታ ዕቃውን ራሳችሁ ገዝታችሁ አስገቡ፣ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ይደረግና ቅጂው ይሰጣችሁ። የማለፊያ ቀኑንም እዩ። ዩኒቨርሲቲው ለአስተዳደር የሚቆርጠው ስንት በመቶ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ክፍያ፦ 30 በመቶ ሲፈረም፣ 40 ጥሬ መረጃው በኤክሴል ሲሰጥ፣ 30 ሪፖርቱ ሲቀርብ። ከምረቃ ጋር አታያይዙት።

ካዛንቺስ_ምጣድ፦
በጣም እናመሰግናለን። ተማሪው መሃል ላይ ቢያቋርጥስ?

ላብ_4ኪሎ፦
ተረካቢ ተመራማሪ በስም ውሉ ላይ ይግባ። የላብ መዝገቡ ከላብ አይወጣም፤ በየሳምንቱ አርብ ገጾቹ ፎቶ ተነስተው ለሁለታችሁም ይላኩ። ኢንኩቤተሩ (ናሙናው በቋሚ ሙቀት የሚቀመጥበት ሳጥን) ውስጥ የሙቀት መመዝገቢያ ይቀመጥ፤ መብራት ጠፍቶ 25 ዲግሪው ከወረደ ተረካቢው የትኛውን ቀን እንደሚጥል የሚያውቀው ከዚያ ነው።